ጥሬ ብር የማይቀበል መስኮት

አጥናፉን የማያውቅ መንገደኛ ሰቆጣ መናኸሪያ ውስጥ ቢገኝ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ከደጁ ርቆ ሄዶ የማያውቅ ነው። ሰውየው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንዲት የቲኬት መስኮት ጀርባ ቁጭ ብሎ አገሬውን ወደ ወልድያ ሲሸኝ የኖረ ነው። የመስኮቷን ቁልፍ በጥቁር ክር አድርጎ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል፤ ከጎኗ የሣጥኑ ቁልፍ አለችና ሲራመድ እየተጋጩ ይንቃጨላሉ። ሚስቱ መስታወት «አንተ ሰውዬ፣ ቃጭል ያሰረ ሙክት ሆነህ ቀረህ እኮ!» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ግን ሲተኛ እንኳ አያወልቃቸውም።

የሰው ዕድሉ መቼም አይታወቅም። አጥናፉ በልጅነቱ የታሰበው ለክህነት ነበር። ዳዊቱን ደግሞ ጨርሶ ዜማ ሊጀምር ሲል አባቱ ሞቱበት፤ እናቱን ለመጦር ትምህርቱን ትቶ መናኸሪያ ገባና ተሸካሚ ሆነ። አንድ ቀን አንዲት መንገደኛ ቋጠሮዋን ረስታ መኪናው ተነሣ። አጥናፉ ቋጠሮውን ይዞ እየጮኸ እስከ ድልድዩ ሮጦ አደረሰላት። የአውቶቡሱ ባለቤት አቶ ኪዳኑ ይህን አዩ። «የሰው ጨርቅ ይዞ የሚሮጥ ሌባ ብዙ አይቻለሁ፤ ሊመልስ የሚሮጥ ግን ገና ዛሬ አየሁ» አሉና በማግስቱ ከመስኮቷ ጀርባ አስቀመጡት። ቁልፏን አንገቱ ላይ ያጠለቁለትም በገዛ እጃቸው ነው።

የአጥናፉ ቲኬት ከሌላው ሰው ቲኬት ይለያል። የተሳፋሪውን የክርስትና ስም ይጽፍበታል። ነገሩን ያስጀመሩት አንዲት የገጠር ባልቴት ናቸው። የወልድያ መንገድ ያው ገደል ነው፤ ጠመዝማዛ ነው። «ልጄ፣ ክፉ አይስማብንና መኪናው ቢገለበጥ ቄሶቹ በማን ስም ይፈቱኛል? የክርስትና ስሜን ጻፍልኝ» አሉት። ቆንጆ የቁም ጽሕፈት ነበረውና ጻፈላቸው። ከዚያ ወዲህ የገጠር ሰው መስኮቱ ሥር ሲደርስ ብሩን ከመፍታቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የክርስትና ስሙን ያንሾካሹክለታል። የክርስትና ስም እኮ ለጎረቤት አይነገርም፤ መተት ይሠሩበታል ተብሎ ይፈራል። ለአጥናፉ ግን የዋግ ሰው ሁሉ ሲነግረው ኖረ። እሱም አንዱን ስም ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አቶ ኪዳኑ ሞቱ። አውቶቡሶቹም ለልጃቸው ለጌታሰው ተላለፉ። ጌታሰው ክፉ ልጅ አይደለም፤ እውነቱ ይነገር። አጥናፉ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ያሳደገው፣ «አያ አጥናፉ፣ ከረሜላ ግዛልኝ» እያለ ያደገ ልጅ ነው። ግን ባንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ረዳቶች የተሳፋሪ ብር ኪሳቸው ከትተው ጠፉበት። ቀጥሎ ደግሞ ሽፍታ መንገድ ላይ መኪናውን አስቁሞ የቀኑን ገቢ ከነቦርሳው ወሰደ፤ ሾፌሩንም በሰደፍ መትቶ ሁለት ጥርሱን አወለቀው። ጌታሰው ያን ደም የሞላው አፍ ካየ በኋላ ማለ። «ከእንግዲህ አውቶቡሴ ውስጥ አንዲት የብር ኖት አትገኝም!» አለ። መሐላውንም ጠበቀ።

ወረቀት በቀይ ቀለም አሳትሞ መስኮቷ ላይ ለጠፈ። «ቲኬት የሚሸጠው በስልክ ክፍያ ብቻ ነው። ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም» ይላል። የአጥናፉ ሥራም ክፍያው ስልኩ ላይ መድረሱን አይቶ የወንበር ቁጥር መንገር ብቻ ሆነ። የሣጥኑን ቁልፍ ጌታሰው ወሰደው፤ የመስኮቷ ብቻዋን አንገቱ ላይ ቀረች። እሷም ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር እየተጋጨች መንቃጨሏን አልተወችም።

«ጌታሰው፣ የገጠሩ ሰውስ?» አለው አጥናፉ።

«ይልመዳ አያ አጥናፉ! አገር ሁሉ እየለመደው ነው።»

«ስልክ የሌለውስ?»

«ዛሬ ስልክ የሌለው ሰው አለ?»

ወይ ልጅነት! ከሰቆጣ ዙሪያ ዳገቶች አንዱን ወጥቶ ቢያይ ኖሮ እንዲህ ባላለ። ስልክ ያለው እንኳ ቢሆን ባትሪዋን ለገበያ ቀን የሚቆጥባት፣ ሲም ካርዷ ዓረብ አገር በገባች ልጁ ስም የወጣች፣ የምሥጢር ቁጥሯን ልጅቷ ብቻ የምታውቃት ስንቱ ነው! ፍየሉን ሸጦ ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ የመጣ ሰው፣ ብር ይዞ «ብር የለህም» ሲባል ምን ይበል? አጥናፉ ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን እንጀራው ነው።

ሁለት ሳምንት ትእዛዙን አከበረ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጎልማሳ እያለከለከ ደረሰ። ወንድሙ ወልድያ ሆስፒታል ሞቷል። ብሩ በእጁ ነው፤ ስልክ የለውም። አጥናፉ በጣቱ ወረቀቱን አሳየው። ሰውየው ማንበብ አይችልም፤ ብሩን በመስኮቱ ቀዳዳ እየገፋ «ውሰደው፣ ይኸው ውሰደው» ይላል። አጥናፉ መልሶ ገፋለት። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተገፋፉ። በማግስቱ ጠዋት አጥናፉ መስኮቷን ሲከፍት ሰውየው አጥሩ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። በሌላ መኪና ደረሰ፤ ሲደርስ ግን ወንድሙ ተቀብሯል አሉ። አጥናፉ ይህን ሲሰማ ምሳውን ትቶ ተነሣ። «እጄ ነው የገፋው» አለ ለመስታወት፣ «ያችው እጄ ነች።»

ሳምንት ሳይሞላ ቄስ ወርቅአገኘሁና ባለቤታቸው ለተጊዮርጊስ ከጋዝጊብላ መጡ። ቄሱ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ቅዳሴ ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል። ወልድያ የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ካርዱን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ቀጠሮው ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው፤ ካለፈ ደግሞ መቼ እንደሚገኝ እግዜር ይወቅ።

«ሁለት ሰው ለነገ» አሉ ለተጊዮርጊስ መቀነታቸውን እየፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የባላቸውን የክርስትና ስም አንሾካሾኩና «የኔ ያው የምጠራበት ነው፤ ደብቄው አላውቅም» አሉ።

አጥናፉ ወረቀቱን አነበበላቸው።

ለተጊዮርጊስ ደነገጡ። «ብሩ ተሻረ እንዴ?»

«አልተሻረም እማማ።»

«ታዲያ መንግሥት ያልሻረውን ብር የኪዳኑ ልጅ ሻረው? በዚያ በክፉው ጊዜ ባንኩ ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲጠፋ፣ እኛን ያከረመን ይኸው ወረቀት አይደለም? ያኔ የስልክ ብር ማንን አበላ? እስቲ ንገረኝ!»

አጥናፉ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠና ቁልፏ ተንቃጨለች። ቄስ ወርቅአገኘሁ እስከዚህ ድረስ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። የቁልፏን ድምፅ ሰሙና ጆሯቸውን አዘነበሉ። በኽምጣኛ ለሚስታቸው አንድ ነገር አሏት። አጥናፉ እናቱ የዚያ አገር ሰው ናትና ሰማ። «ተይው፣ አታስጨንቂው። ይህ ባለቃጭሉ ልጅ ነው፤ ሰው አይጥልም» ነው ያሉት።

እንግዲህ ምን ያድርግ! የገዛ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ከራሱ ሒሳብ የሁለት ሰው ከፈለ። ብራቸውን ተቀበለ፤ መልሱን እስከ ሳንቲሙ ሰጠ። ስልኩ የሚጽፈው የከፋዩን ስም ነውና ሁለቱም ቲኬቶች «አጥናፉ» ብለው መጡ። ለተጊዮርጊስ ይህን ሲያውቁ «ቢገለበጥ በአንተ ስም ሊፈቱን ነው?» ብለው ሳቁ። እሱም ብጣሽ ወረቀት ላይ የክርስትና ስማቸውን ጽፎ በእጃቸው አስያዛቸው። ቄሱ ቀኝ ዓይናቸው ተከፍቶ ሲመለሱ ሰቆጣ ሌሊት ደረሱና አጥናፉን ሳያገኙት አለፉ።

የገጠር ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። «ከኪዳኑ መስኮት ያለው ሰውዬ ይከፍልላችኋል» ተባለ። በየቀኑ ሦስት፣ አራት፣ በገበያ ቀን አሥር ሰው ይመጣል። አጥናፉ በስልኩ ይከፍላል፣ ጥሬ ብሩን ይቀበላል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ስልኩ ያስገባል፣ ማግስቱን እንደገና ይጀምራል። አንዲት ሳንቲም አልጨመረባቸውም። ከአጥሩ ውጪ ግን ሁለት ደላሎች ይህንኑ ሥራ በመቶ መቶ ብር ጭማሪ ይሠሩ ነበር። አጥናፉ እነሱን ሲያይ ይናደዳል። ለጌታሰው ለመንገር ግን አፉ አልፈታ አለ፤ ቢነግረው የራሱንም መናገር ሊሆን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለተጊዮርጊስ ብቻቸውን መጡ። ክዳን ባላት ትንሽ ባልዲ ሁለት ኪሎ ነጭ ማር ይዘዋል፤ የዋግን ነጭ ማር ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ቄሱ ቀደሱ!» አሉ ገና ከሩቅ። «ኪዳነ ምሕረት ምስክሬ ናት፣ በገዛ ዓይናቸው አንብበው ቀደሱ! በል ይህን ያዝ።»

«ኧረ እማማ፣ ይተዉ፤ ሥራዬ ነው።»

«ሥራህማ መከልከል ነበር!»

«በእውነት አልቀበልም።»

ለተጊዮርጊስ ፊታቸው ጠቆረ። «ነው? ከድሃ እጅ አይወሰድም ማለትህ ነው? እኛ ውለታ በልተን የምንሄድ ሰዎች መሰልንህ?» አሉና ባልዲዋን መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፤ ሁሉም ያያል። ባዶ እጅን መልሶ መስደድ ቀላል ነው፤ የሰጠ እጅን መመለስ ግን ዕድሜ ልክ ያቀያይማል። አጥናፉ ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለ።

የመጀመሪያው ይህ ነበር። ከዚያማ ባዶ እጅ መምጣት ነውር ሆነ። እንቁላል መጣ፣ ሽምብራ መጣ፣ ቅቤ መጣ። አንዱ ቀይ አውራ ዶሮ ክንፉን ጠፍሮ አመጣና ዶሮው ቢሮው ውስጥ ሲጮህ ዋለ። መስታወት መጀመሪያ ደስ አላት። እየቆየ ግን ጓዳዋ ገብታ የመጣውን መቁጠር አበዛች።

«አጥናፉ፣ ይህ ነገር አላማረኝም» አለችው አንድ ቀን።

«ምኑ?»

«ሰው ምን ይላል? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንዳይሆንብህ።»

«ታዲያ ልመልስባቸው? ተቀይመው እኮ ነው የሚሄዱት!»

«እኔ እንጃ። ማሩ ይጣፍጣል፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ተቆጣት። የተቆጣት ግን ነገሯ ስለነካው ነው። ምክንያቱም በዚያን ሰሞን አንድ ነገር ልቡን ይቆረቁረው ጀምሯል። አውራ ዶሮው በመጣበት ቀን አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ባዶ እጇን ተሰልፋ ነበር። ለሁለቱም ከፍሎላቸዋል፤ ሁለቱም ሄደዋል። ግን ማንን ነበር ያስቀደመው? ሴትዮዋ ከፊት ነበረች? ወይስ ዶሮው? እያገላበጠ ቢያስብ አልመጣለትም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

በሦስተኛው ወር ጌታሰው ቢሮው አስጠራው። ደላሎቹ የዘረፉት አንድ ተሳፋሪ ከሶ ኖሮ ጌታሰው «የኔ ሰው እጁ አለበት ወይ?» ብሎ የክፍያውን ሪፖርት ሲያገላብጥ ያየውን አይቷል። ላፕቶፑን ወደ አጥናፉ አዞረ።

«በሦስት ወር ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ወልድያ ሄደዋል፤ እንዴት ሰነበቱ?» አለው።

አጥናፉን ያስደነገጠው ቁጥሩ አይደለም። «ሄደዋል» መባሉ ነው። ይህ ልጅ አንተ ሲለው ነው የኖረው።

ሁሉንም ነገረው። ወንድሙን ሳይቀብር የቀረውን ሰው፣ ቄሱን፣ ደላሎቹን፣ ሁሉንም። ጌታሰው ግንባሩን እያሻሸ ሰማ።

«ላምንዎት እፈልጋለሁ። እግዜር ያውቃል እፈልጋለሁ። ግን ደላሎቹም ቢጠየቁ ይህንኑ ነው የሚሉት። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር ይባላል። ከከፈሉላቸው አንዱን ያምጡልኝ። አንድ ሰው ብቻ። ምንም አልወሰደም ይበለኝ፤ መስኮትዎ መስኮትዎ ነው። ካልሆነ ግን ቁልፉን ያስረክባሉ።»

አንድ ሰው! ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቲኬት ሁሉም በእሱ ስም ነው፤ የተሳፋሪዎቹ ስም ያለው በብጣሽ ወረቀት፣ ያም በየኪሳቸው አብሯቸው ሄዷል። ቢያስበው ቢያስበው የሚያውቀው ቤት አንድ ብቻ ሆነ። በገበያተኛ ወደ ጋዝጊብላ ላከ። «ለእማማ ለተጊዮርጊስ ንገሩልኝ፤ እንጀራዬ በርስዎ አፍ ላይ ነው በሉልኝ» አለ። ለማንም ሳይከፍል አራት ቀን ጠበቀ። መስታወት «ቄስ አይዋሽም፣ የቄስ ሚስት አትዋሽም፤ ምን ያስፈራሃል?» ብትለው «አላውቅም» አለ። በእውነትም አያውቀውም ነበር።

በአምስተኛው ቀን መጡ። ለተጊዮርጊስ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ፍርድ ቤት የሚቆሙ ይመስላሉ። ቄስ ወርቅአገኘሁም አብረው መጥተዋል፤ የግራ ዓይናቸው ቀጠሮ ደርሷልና ከዚያው ወደ ወልድያ ሊያልፉ ነው። ቄሱ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፉ። ለተጊዮርጊስ ከአጥናፉ ጋር ገቡ።

ጌታሰው ብድግ ብሎ አስቀመጣቸው። አባቱ ያሳደጉት ልጅ ነው።

«እናቴ፣ አያ አጥናፉ ቲኬት ሲቆርጥልዎ ከታሪፉ በላይ ሳንቲም ጨምረዋል?» አያ ሲለው አጥናፉ ልቡ ትንሽ መለስ አለ።

«ሳንቲም? እሱ? መልሱን እስከ ሳንቲሙ ነው የሰጠኝ! እንደሱ ያለ ሰው በዋግ አልተወለደም። እንዲያውም ጫማህን ሳም ቢለኝ እስመው ነበር።»

«ጭማሪ አልጠየቀዎትም።»

«ጠይቆ? ሲሰጡትም አይወስድም!»

ጌታሰው ፈገግ አለ። ከልቡ ነው ደስ ያለው። ብዕሩን አስቀመጠና «በቃ እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለዚሁ ነው ያደከምኩዎት» አለ። አጥናፉም በሩን ሊከፍትላቸው ተነሣ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ!

ለተጊዮርጊስ ግን አልተነሡም። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው የመጡት ለሁለት ቃል ነው እንዴ? ደግሞም የመጡበትን አገር ክብር ሳያስጠብቁ አይሄዱም። ሰው ሠርቶላቸው ምንም ያልቀመሰ እንደሆነ ስድቡ የማን ነው? የእነሱ አይደለም?

«ባዶ እጁን እንዳይመስልህ ታዲያ ልጄ» አሉ ቀና ብለው። «እኛም ሰው እናውቃለን። እኔ ራሴ ሁለት ኪሎ ነጭ ማር አምጥቼለታለሁ። አልቀበልም ብሎ ሲግደረደር ተቆጥቼ ነው ያስያዝኩት! የጎረቤታችን የእንግዳው ቤት ቅቤ አምጥቷል። ከታች ካሤ የሚባለው አውራ ዶሮ አምጥቷል። እንቁላሉንማ ማን ይቆጥረዋል? ባዶ እጁን የሚመጣ የኛ ሰው የለም! አንድም ቀን አላሳፈርነውም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጌታሰው ብዕሩን መልሶ አነሣ።

«ሁለት ኪሎ ነጭ ማር» አለ ቀስ ብሎ።

«ያውም ሰፈፍ የሌለው!»

የሁለት ኪሎ ነጭ ማር ዋጋ የሁለት ሰው ቲኬት ገዝቶ ይተርፋል። ጌታሰው ይህን ያውቃል፤ አጥናፉም ያውቃል፤ ለተጊዮርጊስም ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁት ነው የሚኮሩበት። ሦስቱ ሰዎች አንዱን ማር እያሰቡ ለሁለቱ አንድ ነገር፣ ለአንዷ ሌላ ነገር ታየ።

«እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» አለ ጌታሰው። «ውጪ ትንሽ ይጠብቁን።»

ሲወጡ በሩን ዘጋ። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ደላላው መቶ ብር ነው የሚቀበለው» አለ። «ከርስዎ እኮ ይረክሳል።»

«ጌታሰው፣ ስጦታ ነው! ባልቀበል ይቀየሙ ነበር። አባትህም ያውቁት ነበር ይህንን፤ የገና ዶሮ አባትህ ስንት...»

«አባቴ ባለቤት ነበር። እርስዎ መስኮት ላይ የተቀመጡ ሰው ነዎት። ዶሮ የሌለውስ ሰው? ተሰልፎ ሌላው ዶሮ ሲያስገባ ሲያይ ምን ይላል?»

አጥናፉ ብዙ የሚለው ነበረው። «ዶሮ የሌለውን አሰብክለት እንጂ ስልክ የሌለውን መቼ አሰብክለት?» ሊለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እውነት ነው፤ ቢለውም መልስ የለውም ልጁ። ግን ያችን ሕፃን ያዘለች ሴት አስታወሰ። ከፊት ነበረች ወይስ ከኋላ? አሁንም አልመጣለትም። ይህንን ሳያውቅ አፉን ሞልቶ መናገር አቃተው። እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ክሩን ከነቁልፏ በራሱ ላይ አወጣው። ከማተቡ ጋር ተጠላልፎ ለማላቀቅ ትንሽ ቆየ። ጌታሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ውጪ ሲወጣ ለተጊዮርጊስ በፈገግታ ተቀበሉት።

«እ? ተሳካልን?»

አጥናፉ አያቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ያን ዳገት ወርደው ለእሱ የመጡ እናት ናቸው። ምን ይበላቸው? አፍርሰውኛል ይበላቸው?

«ተሳክቷል እማማ። እግዜር ይስጥልኝ፤ አድክሜዎታለሁ።»

«እንዴት አልኩት ግን? አይተሃል አይደል አፉን ሲይዝ? ባዶ እጁን ነው ብሎ ሊንቅህ ነበር እኮ!» አሉና መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። «በል አሁን የነገውን ሁለት ሰው ቁረጥልን።»

ከመስኮቷ ጀርባ አሁን የጌታሰው የቢሮ ሠራተኛ ሠርካለም ተቀምጣለች። አጥናፉ ከውጪ በኩል ቆመ። ከዚህ በኩል ቆሞ አያውቅም ነበር፤ ቀዳዳዋ እንዲህ ዝቅ ያለች መሆኗን ያወቀው ዛሬ ነው፤ ማንም ሰው ሳያጎነብስ አያናግራትም። ሠርካለም ቀና ብላ ስታየው ዓይኗ ውሃ ሞላ። «በስልክ ብቻ ነው ጋሼ» አለች። ስልኩን አወጣና ከፈለ። ሁለቱም ቲኬቶች «አጥናፉ» ብለው መጡ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሞላ።

ብጣሽ ወረቀት ፈልጎ የክርስትና ስማቸውን ጻፈ። ጥሬ ብሩን ተቀበለ፤ መልሱን ሰጠ። ለተጊዮርጊስ ደግሞ ከነጠላቸው ሥር ያችን ክዳን ያላት ባልዲ አወጡ። ጌታሰው በቢሮው መስኮት ቆሞ ያያል፤ መጋረጃውን እንኳ አልመለሰም።

ቄስ ወርቅአገኘሁ ይህን ጊዜ በትራቸውን ይዘው ቀረብ አሉ። በተከፈተችው ዓይናቸው መጀመሪያ ቀዩን ጽሑፍ አዩ። ድምፃቸውን ሳያሰሙ ፊደል በፊደል አነበቡት። ከዚያ መስኮቷ ውስጥ የተቀመጠችውን ልጅ አዩ። ከዚያ ወደ አጥናፉ ዞረው አንገቱን አዩት።

«ቃጭልህ የታለች ልጄ?» አሉ።

«ቤት ረስቻት ነው አባ።»

ቄሱ አንዴ ወደ ቢሮው መስኮት፣ አንዴ ወደ ማሩ፣ አንዴ ወደ ሚስታቸው አዩ። በትራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ራሳቸው ላይ የጠመጠሙትን ሻሽ ነካ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይቅር በለን» አሉት።

ለተጊዮርጊስ ባልዲዋን እንደዘረጉ ዞረው ባላቸውን በግርምት አዩ። «ኧረ ምን በድለነው?»

«ምንም እማማ» አለ አጥናፉ። «ምንም አልበደላችሁኝም።» ማሩንም በሁለት እጁ ተቀበለ።